ፈረስን ለአደባባይ ማዘጋጀት፦ የካቲት 23 ለዓድዋ ድል በዓል ወደ አራዳ ለሚወጣ ፈረሰኛ

ለአደባባይ የሚወጣ ፈረስ ሦስት ነገር ይፈለግበታል፦ ጤናው የተሟላ፣ ገላውና ዕቃው የጸዳ፣ በሕዝብ መካከል የማይበረግግ መሆን። አብዛኛው ባለ ፈረስ የሚደክመው ለሁለተኛው ብቻ ነው። ግላሱ ይጠለፋል፣ የክር ዘርፉ ይታደሳል፣ ጋማው ይበጠራል፤ ፈረሱ ግን ትናንት ከጋጠበት መስክ ተነሥቶ ዛሬ ከበሮ፣ የመኪና ጥሩምባና የሚውለበለብ ባንዲራ መካከል ይገባል። ጌጡ የቱንም ያህል ቢያምር የደነገጠ ፈረስ አያምርም፤ ሰውም ይጎዳል።

አራዳ ደግሞ ለፈረስ ቀላል ስፍራ አይደለም። በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ያለው የምኒልክ አደባባይ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በፈረስ ላይ ሆነው የተቀረጹበት ሐውልት የቆመበት፣ ዙሪያው አስፋልት ነው። ከእሪ በከንቱና ከራስ መኰንን ድልድይ በኩል ወደ ፒያሳ የሚያወጣው መንገድ ዳገት ነው፤ በየሰፈሩ ውስጥ ያለው መተላለፊያ ጠባብና ብዙው ኮብልስቶን የተነጠፈበት ነው። ጥር 23 እንጅባራ ላይ ከሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ጋር የሚሰለፍ ወይም በጥምቀት ጃን ሜዳ ላይ ጉግስ የሚጫወት ፈረስ ከሰኮናው ሥር ሣርና አፈር ያገኛል። አራዳ የሚወጣው ግን ጠንካራ፣ የሚያንሸራትትና የሚያስተጋባ መሬት ይጠብቀዋል። ስለዚህ ዝግጅቱ ሁለት ወር ይፈልጋል።

1. ፈረሱን መምረጥ

ምርጫው እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ማለቅ አለበት። ዕድሜው ከአምስት ዓመት ያላነሰ ፈረስ ይመረጣል፤ በዚህ ዕድሜ የወተት ጥርሶቹ ተቀይረው ስለሚያልቁ ከንፈሩን ገልጦ የፊት ጥርሱን በማየት ማረጋገጥ ይቻላል። ከዚያ በታች ያለ ፈረስ አጥንቱም ጠባዩም ገና አልጸናም።

በብዙ ሕዝብ መካከል ለመቆም ሰንጋ ፈረስ ከድንጉላ ይሻላል። ድንጉላ አንገቱን ሲቀስር ግርማ አለው፤ ብዙ ፈረሰኛ የሚወደውም ለዚህ ነው። ሰልፉ ውስጥ ባዝራ ካለች ግን ሐሳቡ ከጋላቢው ጋር አይሆንም። ድንጉላ ይዞ መውጣት የግድ ከሆነ ከባዝራ የራቀ ቦታ አስቀድሞ ከአስተባባሪዎች ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።

ቀጥሎ እግሩ ይፈተሻል። አንድ ሰው ፈረሱን በገመድ ይዞ በጠንካራ መሬት ላይ በሶምሶማ ያስሮጠዋል፤ ሌላው ከፊትና ከኋላ ቆሞ ያያል። የፊት እግሩን የሚያመው ፈረስ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ይነቀንቃል። በለስላሳ ሣር ላይ ይህ ላይታይ ስለሚችል ፍተሻው ሣር ላይ መደረግ የለበትም።

የጋላቢው ክብደትም የምርጫው አካል ነው። በዓለም አቀፉ ልማድ ቁመቱ ከትከሻው ጫፍ እስከ መሬት ከ148 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ፈረስ ፖኒ ይባላል፤ የአገራችን ፈረስ በአብዛኛው ከዚህ ልክ በታች ነው። ጽኑና ዳገት ቻይ ቢሆንም ትንሽ ነው። የተለመደው መመዘኛ ጋላቢውና ዕቃው ተደምረው ከፈረሱ ክብደት ከአንድ አምስተኛ እንዳይበልጡ ነው፤ 300 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ይህ 60 ኪሎ ማለት ነው። ከዚህ የሚከብድ ሰው ወገበ ሰፊ ፈረስ ይመርጣል፣ እስከ አደባባዩ ዳር በእግሩ እየሳበ ይሄዳል፣ የሚቀመጠውም ለሰልፉ ጊዜ ብቻ ይሆናል።

2. ጤናውን ማረጋገጥ

የጤነኛ ፈረስ ሙቀት ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። ባረፈበት ሰዓት ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል፤ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል። እነዚህን ቁጥሮች ፈረሱ ጋጣው ውስጥ በጸጥታ ቆሞ ሳለ ለክቶ መያዝ ይጠቅማል፤ በበዓሉ ቀን መድከሙንና ማገገሙን የሚያሳውቁት እነዚሁ ናቸው። ትንፋሹ የሚቆጠረው የጎኑን ከፍና ዝቅ ማለት በማየት ነው።

ከየአቅጣጫው የመጡ ፈረሶች አንድ ቦታ ሲሰበሰቡ በሽታም አብሮ ይመጣል። ከሁሉ በላይ የሚያሰጋው ቢቼ እየተባለ የሚጠራው በፈንገስ የሚመጣ በሽታ ነው። በእግር፣ በደረትና በአንገት ቆዳ ሥር እንደ መቁጠሪያ የተደረደሩ እብጠቶች ያወጣል፤ ሲፈርጡ መግል ይወርዳቸዋል። ዝንብ ከአንዱ ቁስል ወደ ሌላው ያዛምተዋል፤ ኮርቻና ልጓም መዋዋስም እንደዚሁ። ይህ ምልክት ያለበት ፈረስ እቤቱ ይቀራል። ጤነኛውም ቢሆን የተላጠ ወይም የቆሰለ ገላ ካለው ሳይድን አይወጣም፤ ቁስልን በግላስ ሸፍኖ ማውጣት ለፈረሱም ለሰልፉም ክፉ ሥራ ነው። በተናካሽ ጥቃቅን ነፍሳት ለሚተላለፈው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ቢሾፍቱ የሚመረት ክትባት ስላለ፣ ባለ ፈረሱ በአቅራቢያው ያለ የእንስሳት ሐኪም አማክሮ ከበዓሉ ሳምንታት አስቀድሞ ማስከተብ ይገባዋል።

3. ከጩኸትና ከሕዝብ ጋር ማለማመድ

ይህ ከሁሉም ረጅሙ ሥራ ነው፤ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ፈረስ ሲፈራ መሸሽ ተፈጥሮው ነው። ዓይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስላሉ ዙሪያውን ሊያይ ጥቂት ብቻ ይቀረዋል፤ የማያየው ከግንባሩ ፊት ለፊት በጣም የቀረበውንና ከጭራው በስተኋላ በቀጥታ ያለውን ነው። የሚበረግገውም ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ሁለት ቦታዎች ድንገት በሚመጣ ነገር ነው።

ልምምዱ ከሩቅ ይጀመራል። ከበሮ ሃምሳ ሜትር ርቆ ይመታል፤ ፈረሱ ጆሮውን አቁሞ ካዳመጠ በኋላ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሣሩን መጋጥ ሲጀምር ከበሮው ጥቂት ይቀርባል። ፈረሱ ሳይረጋጋ ርቀቱን መቀነስ ዋነኛው ስህተት ነው። አንድ ቀን በችኮላ የተደረገ ልምምድ የአንድ ሳምንት ድካም ያፈርሳል። ከበሮውን ከለመደ ባንዲራ፣ ቀጥሎ ጃንጥላ፣ ከዚያ የመኪና ጥሩምባ ይመጣል። ባንዲራው መጀመሪያ ተጠቅልሎ ይታያል፣ ያሸተዋል፣ ከዚያ ቀስ ተብሎ ይዘረጋል፤ በመጨረሻም ጋላቢው ራሱ ከኮርቻው ላይ ሆኖ ያውለበልበዋል። ከመሬት የሚታየውን ባንዲራ የለመደ ፈረስ ከጀርባው ላይ የሚውለበለበውን ላይለምድ ስለሚችል ሁለቱ ለየብቻ ይሠራሉ።

ፉከራና ሽለላም ልምምድ ይፈልጋሉ። በአገራችን ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለዋል። ዛሬም ፈረሰኛው በአደባባይ የሚፎክረው የፈረሱን ስም እየጠራ ነው። ድምፁ ግን ድንገት የሚወጣና ከጀርባው ላይ የሚመጣ ስለሆነ፣ ያልለመደ ፈረስ ጌታው የተቆጣው መስሎት ይፈተለካል። ስለዚህ ፉከራው በመስክ ላይ፣ መጀመሪያ በዝቅተኛ ድምፅ፣ እየቆየ በሙሉ ድምፅ ይለማመዳል፤ ጋላቢው ሲጮህ እጁን ማጥበቅ የለበትም።

አስፋልትን፣ የመንገድ ቀለምንና የውኃ ቱቦ ክዳንን ያላየ ፈረስ በነጭ መስመር ላይ ለመርገጥ እንኳ እምቢ ሊል ይችላል። በመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት በገበያ ቀን ወደ ከተማ ዳር ወስዶ ማቆም ጥሩ ነው። ማቆም የተባለው በዋዛ አይደለም፤ በሰልፍ ቀን ከመጋለብ ይልቅ መቆም ይበዛል፤ ሃያ ደቂቃ ሳይንቆራጠጥ መቆም የሚችል ፈረስ ግማሹን ትምህርት ጨርሷል ማለት ይቻላል። አብሮት ረጋ ያለ የለመደ ፈረስ ካለ ትምህርቱ ይፈጥናል፤ ፈረስ ከፈረስ ይማራልና።

ሲበረግግ አለንጋ ማንሣት ፈጽሞ አይገባም። ፈረሱ ያስፈራውንና ያመመውን ነገር አንድ አድርጎ ስለሚይዝ በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ሲያይ ከቀድሞው አብልጦ ይሸሻል። አንገቱን እየዳበሱ፣ በለሰለሰ ድምፅ እያናገሩ ጥቂት ማራቅና እንደገና መጀመር ይሻላል።

4. ሰኮና

ሰኮና በየስድስትና ስምንት ሳምንቱ ይከረከማል። የመጨረሻው ክርከማ ከበዓሉ አሥር ቀን ገደማ ቀድሞ ይደረጋል፤ ዋዜማው ላይ የተከረከመ ሰኮና በአስፋልት ላይ ሊያነክስ ይችላል። ጭቃና ጠጠር በመፋቂያ ብረት ከተረከዝ ወደ ፊት እየተጎተተ ይወጣል፤ መሐል ያለው ሦስት ማዕዘን ለስላሳ ክፍል እንዳይወጋ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ክፉ ሽታና ጥቁር ፈሳሽ ካለው የሰኮና መበስበስ ጀምሯልና ለሐኪም ይታያል።

ብረት ጫማ ለአስፋልት ይሆናል ብሎ ለበዓል ብቻ ማስመታት አይመከርም። ለስላሳ ብረት በአስፋልትና በኮብልስቶን ላይ ከባዶ ሰኮና የባሰ ያንሸራትታል፤ ያልለመደ ፈረስም አረማመዱ ይበላሻል። ሰኮናውን ቀለም ወይም ዘይት መቀባት ለዓይን ብቻ ነው፤ ቢቀርም አይጎዳም።

5. ማጠብና ማበጠር

ገላው የሚታጠበው በበዓሉ ጠዋት አይደለም፤ ከሁለት ቀን በፊት፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲሞቅ ነው። የአዲስ አበባና የአካባቢዋ የካቲት ጠዋት ብርድ አለው፤ በማለዳ የረጠበ ፈረስ ይንቀጠቀጣል፣ ጸጉሩም ቆሞ ይቀራል። ለብ ያለ ውኃና ለስላሳ የገላ ሳሙና ይበቃል። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቆዳውን አድርቆ ያሳክከዋል፤ ሲያሳክከው ደግሞ ከግንድና ከግድግዳ ጋር እየተፋተገ ገላውን ይልጣል። ሳሙናው በደንብ መለቅለቅ አለበት፣ በተለይ ኮርቻ በሚያርፍበትና የሆድ ጠፍር በሚያልፍበት ቦታ።

ከደረቀ በኋላ መጀመሪያ በሻካራ ብሩሽ በክብ በክብ እየታሸ አቧራው ይነሣል፤ ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ ጸጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ይጠረጋል። የጸጉር ወዝ የሚወጣው በዚህ ነው፤ በየቀኑ ሩብ ሰዓት ለአንድ ወር የታሸ ፈረስ ምንም ሳይቀባ ያበራል። ቅቤ ወይም ዘይት መቀባት በሩቅ ያስውባል፤ ግን አቧራ ይሰበስባል፣ ኮርቻውንም ያንሸራትታል። ጋማና ጭራ ከጫፍ ተጀምሮ ወደ ሥር ይበጠራል፤ ከሥር ወደ ታች መጎተት ጸጉሩን ይበጥሰዋል። ጭራ የሚያበጥር ሰው ከፈረሱ ጎን ይቆማል፣ ጭራውንም ወደ ራሱ ይስባል፤ በቀጥታ ከኋላው አይቆምም።

አምባላይ ፈረስ ሌሊት በተኛበት ፋንድያ ስለሚቆሽሽ በዋዜማው ንጹሕ ጭድ በብዛት ይነጠፍለታል። ጠዋት የታየ እድፍ በእርጥብ ጨርቅ ይነሣል፤ ገላው እንደገና አይታጠብም።

6. የፈረስ ዕቃ

ዕቃው ሁሉ ከሳምንት በፊት ተፈትቶ ይታያል። ጠፍር የሚበጠሰው በስፌቱና በዘለበቱ አጠገብ ነው፤ እዚያ ላይ አጠፍ ዘርጋ ሲደረግ የሚሰነጠቅ ቆዳ ይቀየራል። ሌላው ቆዳ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ በጥላ ከደረቀ በኋላ ስብ ይቀባል፤ ፀሐይ ላይ የደረቀ ቆዳ ይሰባበራል።

ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈው ጨርቅ ወፍራም፣ ንጹሕና ያልተጨማደደ መሆን አለበት። ኮርቻው የጀርባ አጥንቱን መጫን አይገባውም፤ ጋላቢው ከተቀመጠ በኋላም ቢሆን በኮርቻው መሐል፣ በአከርካሪው ላይ ብርሃን ማለፍ አለበት። የሆድ ጠፍር ሁለት ጣት እስኪያስገባ ድረስ ይጠብቃል። ብዙ ፈረስ ሲጫን ሆዱን ስለሚነፋ ከጥቂት እርምጃ በኋላ እንደገና ይታያል። ከዳገትና ከቁልቁለት በፊት የደረትና የጭራ ሥር ጠፍሮች ይፈተሻሉ፤ እሪ በከንቱን በመሰለ ዳገት ላይ የደረት ጠፍር የሌለው ኮርቻ ወደ ኋላ ይንሸራተታል።

ልጓም ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአገር ቤት አንጥረኛ የሚሠራው ባለ ቀለበት ልጓም የታችኛውን መንጋጋ የሚይዝ በመሆኑ ኃይሉ ብርቱ ነው፤ በጣት የሚሳብ ዛብ ይበቃዋል። ቀለበቱ ዝገት ወይም ስለት እንዳይኖረው በእጅ ይዳሰሳል። አፉ የቆሰለ ፈረስ ልጓም አይገባለትም። ልጓሙ ከከንፈሩ ጥግ አንድ ወይም ሁለት እጥፋት ፈጥሮ ከተቀመጠ ልኩ ነው፤ ከዚያ በላይ ከተሳበ ፈረሱ አፉን ከፍቶ ይቆማል፤ በሰልፍ ላይ ከዚህ የከፋ መልክ የለም።

ጌጡ የሚታሰረው በመጨረሻ ነው። የግንባሩ ዘርፍ ዓይኑ ላይ እንዳይወርድ፣ ግላሱም እግሩ ውስጥ እንዳይጠላለፍ ተደርጎ ይሰፋል። ቃጭል ያለው ጌጥ ከሳምንታት በፊት ተደርጎለት መለማመድ አለበት። ሙሉ ጌጡን ለብሶ ቢያንስ ሁለት ጊዜ በመስክ ላይ ያልተጋለበ ፈረስ በበዓሉ ቀን አዲስ ልብስ ለብሶ እንደወጣ ሕፃን ሲያየውና ሲበረግግበት ይውላል።

7. ፈረሰኛው

ነጭ ልብስ፣ ካባ፣ ለምድ ወይም ጎፈር የየአካባቢው ባህል ነውና ልክ የለውም። ልክ ያለው አንድ ነገር ነው፤ ከልብሱ የሚንዘረፈው ሁሉ ከእርካብና ከዛብ መራቅ አለበት። በጣት በሚያዝ እርካብ ለሚጋልብ ሰው ባዶ እግር ይስማማዋል፤ በሰፊ እርካብ የሚጋልብ ተረከዝ ያለው ጫማ ያድርግ፤ አለዚያ ሲወድቅ እግሩ እርካቡ ውስጥ ይቀራል። ጦር የሚይዝ ጫፉን ወደ ሰማይ አድርጎ ይይዛል፤ ለትርኢት የሚያዝ ጦር ስለት ባይኖረው ይመረጣል።

8. ጉዞ

ከሱሉልታ የሚመጣ ፈረሰኛ እንጦጦን አቋርጦ ቁልቁል ይወርዳል። ቁልቁለት የፊት እግርን ስለሚጎዳ በእግር እየሳቡ መውረድ ይሻላል። ወደ 40 ኪሎ ሜትር ከሚርቀው ከሰንዳፋ ወይም ከዚያ ርቆ ለሚመጣ ከዋዜማው በፊት በአይሱዙ ማምጣት፣ ካልሆነም በቂ ጊዜ ተሰጥቶት ከተማው ዳር አድሮ በማግስቱ መግባት ይመረጣል። የመኪናው ወለል ላይ ጭድ ወይም አሸዋ ይነጠፋል፤ ፈረሱ ከመኪና የሚወጣውና የሚገባው ከአፈር ቁልል ጋር በማስጠጋት ወይም ጠንካራ ጣውላ በማጋደም ነው፤ ዘልሎ መውረድ እግር ይሰብራል። ገመዱ ራሱን ዝቅና ከፍ ለማድረግ እንዲበቃው፣ እግሩን ግን እንዳያሾልክበት ሆኖ ይታሰራል።

ገብስ ከጉዞና ከሥራ በፊት ከሦስት ሰዓት ባላነሰ ጊዜ ይሰጣል፤ ድርቆሽ ግን ጥቂት ጥቂት እየበላ ቢሄድ ሆዱን ያረጋጋለታል። ለበዓል ተብሎ ገብሱን ድንገት መጨመር የሆድ ቁርጠት ያመጣል። ጎኑን ዘወር እያለ የሚያይ፣ መሬት የሚጭርና ለመንከባለል የሚተኛ ፈረስ ታሟል፤ ሐኪም እስኪመጣ ምግብ አይሰጠውም።

9. በአደባባዩ

ፈረሱ ሰልፉ ከመጀመሩ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት ደርሶ፣ ከአደባባዩ ራቅ ባለ ጸጥ ያለ ጎዳና ላይ እየተዟዟረ ይረጋጋል። በፒያሳ ጠባብ መንገዶች አንድ ፈረሰኛ ብቻውን መግባት አይገባውም። ከፈረሱ ራስ አጠገብ አንድ እግረኛ ረዳት ይቆማል፤ ሥራው ፈረሱን መሳብ ሳይሆን ሕዝቡን ማራቅና በተለይ ልጆች ከኋላ እንዳይመጡ መከላከል ነው።

በሰልፍ ውስጥ በሁለት ፈረሶች መካከል አንድ የፈረስ ርዝመት ያህል ክፍተት ይጠበቃል። በሌላው ዓለም የሚራገጥ ፈረስ ጭራው ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮበት ይታወቃል፤ እኛ ዘንድ ቀይ ዘርፍ ጌጥ ስለሆነ ምልክቱን የሚያውቅ የለም። ስለዚህ የሚራገጥ ፈረስ በሰልፉ መጨረሻ ላይ ይሆናል፤ ከኋላው ለሚቆሙም በቃል ይነገራል።

በመድረክ ፊት ሲታለፍ ርምጃው አጭርና የተስተካከለ ይሁን። ሶምሶማ በአስፋልት ላይ ይቻላል፤ ደንገላሳና ሽምጥ ግን በሣርና በአፈር ሜዳ እንጂ በአስፋልት አይደረጉም። በተለይ ጥግ ሲታጠፍ የፈረሱ አራት እግር አንድ ላይ ሊንሸራተት ይችላል። ሲቆም አራቱም እግሮቹ ክብደቱን እኩል ተሸክመው፣ አንገቱ በራሱ ቀና ብሎ፣ ዛቡ ላላ ብሎ መታየት አለበት። ለፎቶግራፍ ሲባል ልጓሙን በመንጨቅ ፈረስን በኋላ እግሩ ማቆም በየበዓሉ የሚታይ ጥፋት ነው። አፉን ያደማል፣ ወደ ኋላ ተገልብጦ ጋላቢውን ሊደፈጥጥ ይችላል፤ ከዚያም በኋላ ፈረሱ እጅ ሲነሣ ባየ ቁጥር ይዘላል። በፈቃዱ አንገቱን ቀስሮ ሲቆም ያለው ግርማ ከዚህ እጅግ ይበልጣል።

ፎቶ ሊያነሡ የሚመጡ ሰዎች ከፊት በሰያፍ እንዲቀርቡ ይነገራቸዋል። ሰው መንካት ከፈለገ ትከሻውን እንጂ አፍንጫውን አይነካ። የፈረሱ ጆሮ ወደ ኋላ ተጣብቆ ከተኛ፣ የዓይኑ ነጭ ከታየ፣ ጭራው ያለ ዝንብ ከተወናጨፈ፣ ሳይሠራ ካላበው፣ መሬት መቆፈር ከጀመረ ትዕግሥቱ አልቋል። በዚያን ጊዜ ጋላቢው ወርዶ፣ በረዳቱ ታግዞ፣ ወደ ኋላ ሳይሆን ሕዝብ ወደሳሳበት ጎን ያወጣዋል። ሰልፉ ሳይጠናቀቅ መውጣት ነውር የለበትም።

10. ከሰልፉ በኋላ

ፈረሱ ወዲያው ቆሞ አይታሰርም። የሆድ ጠፍሩ አንድ ቀዳዳ ላልቶለት ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ በዝግታ ይራመዳል፤ ከዚያ ኮርቻው ይወርዳል። ውኃ ይፈልጋል፤ በቀን ከ25 እስከ 40 ሊትር ሊጠጣ ይችላል፤ ከሥራ በኋላ ግን በየጥቂት ደቂቃው ትንሽ ትንሽ ይሰጠዋል። በሰልፍ ቦታ ውኃ ስለማይገኝ ጀሪካንና ባልዲ ከቤት ይያዛል፤ ባልዲውም ለሌላ ፈረስ አይዋስም።

ትንፋሹ በግማሽ ሰዓት ውስጥ በጋጣው ወደተለካው ቁጥር ካልተመለሰ ደክሟል፤ በዚያ ቀን ወደ ቤት በእግሩ አይሄድም። ጀርባው በእጅ ይዳሰሳል፤ ኮርቻ ያረፈበት ቦታ ላይ ሳያልበው ደረቅ ሆኖ የቀረ ገላ ካለ እዚያ ላይ ኮርቻው ከመጠን በላይ ተጭኗል፤ ከሚቀጥለው ሰልፍ በፊት ይታረማል። ሰኮናዎቹ ተገልብጠው ጠጠር፣ ምስማርና የጠርሙስ ስባሪ ይፈለጋል። ዕቃው በዚያው ማታ ላቡ ተጠርጎ ይሰቀላል፤ ፈረሱም በማግስቱ በሣር ላይ ተለቅቆ ያርፋል።